የጋራ ላቦራቶሪ

ብዙዎች «የጋራ ላቦራቶሪ» ሲባል የሆስፒታል ምርመራ ክፍል ይመስላቸዋል። አይደለም። ውድ መሣሪያዎችና እነሱን የሚያንቀሳቅሱ ባለሙያዎች በአንድ ቦታ ተሰባስበው፣ የተለያዩ ተቋማት ተመራማሪዎች በተራ የሚገለገሉበት የምርምር ማዕከል ነው።

በወላይታ ዞን የዱጉና ፋንጎ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ዲምቱን እናስብ። በወረዳው፣ ወደ ብላቴ ወንዝ በሚወርደው ቆላ፣ ወባ እንግዳ አይደለም። የጤና ባለሙያው ወባን በማይክሮስኮፕ ወይም በፈጣን መመርመሪያ ይለያል። ሆኖም አንዳንድ ፋልሲፓረም የሚባሉ የወባ ተሕዋስያን ብዙዎቹ ፈጣን መመርመሪያዎች የሚፈልጉትን ፕሮቲን የሚያስገኘው፣ ኤችአርፒ2 የሚባለው ዘረመል የላቸውም፤ በኢትዮጵያም ተገኝተዋል። ታማሚው ወባ እያለበት «የለብህም» ሊባል ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። የዘረመሉን መጉደል የሚያረጋግጠው ፒሲአርን የመሰለ የዘረመል ምርመራ ነው። ለዚህ ማሽኑ ዲምቱ መትከል ግድ አይደለም፤ በማጣሪያ ወረቀት ላይ የደረቀ የደም ጠብታ ሩቅ ይጓዛል፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ በ1970 እ.ኤ.አ. ወደተመሠረተው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት።

ማሽን መግዛቱ ቀላሉ ነው። ጥገናው፣ ኬሚካሉ፣ የማይቋረጥ መብራቱ ነው የሚከብደው። ከሁሉም በላይ ግን ተራው፦ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከአዲስ አበባው እኩል ካልተስተናገደ፣ ላቦራቶሪው የጋራ ሊባል አይገባም።