ስም ያልተጻፈባቸው ፎቶግራፎች

ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1885 ምጽዋን ከያዘች በኋላ ወታደሩንና ነጋዴውን ተከትለው ፎቶግራፍ አንሺዎችም ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ መጡ። ከእነዚህ አንዱ ሉዊጂ ናሬቲ ነበር። ናሬቲ በምጽዋና በአስመራ ሲሠራ የአገሩን መልክዐ ምድር፣ አብያተ ክርስቲያናትን፣ መኳንንትንና ተራውን ሕዝብ አነሣ። ከሥራዎቹ መካከል እርቃናቸውን የተነሡ የአገሬው ሴቶች ምስሎችም ይገኛሉ።

እነዚህ ምስሎች የዕለት ኑሮን የሚያሳዩ አልነበሩም። የሴቶቹ አቀማመጥና አጋደም የአውሮፓ ሠዓልያን «የምሥራቅ ሴት» እያሉ ከሣሏቸው ሥዕሎች የተቀዳ ነበር። በአብዛኞቹ ላይ የሴቲቱ ስም አልተጻፈም፤ የነገዷ ስም ወይም «የሐበሻ ቆንጆ» የሚል ቃል በቂ ሆኖ ተገኘ። በአውሮፓ የነጭ ሴት እርቃን ምስል መሸጥ ሊያስከስስ በሚችልበት ዘመን፣ የቅኝ ተገዢዋ ምስል «የሕዝቦች ጥናት» በሚል ሽፋን ያልፍ ነበር። በዚህ ዓይነት የተዘጋጁ ፖስታ ካርዶች በወታደሮች እጅ ባሕር ተሻገሩ።

ብዙ ወጣት ኢጣሊያውያን ሐበሻይቱን ሴት በአካል ሳያዩ በምስል «አወቋት»። እ.ኤ.አ. በ1935፣ በወረራው ዋዜማ የወጣው «ፋቼታ ኔራ» የተሰኘው ዘፈንም ነጻ አውጪዋን የምትጠባበቅ አድርጎ አቀረባት። መንግሥቱ ግን ብዙም ሳይቆይ ፊቱን አዞረ። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው ድንጋጌ ከቅኝ ተገዢ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣሊያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። ሴተኛ አዳሪነት ግን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ኢጣሊያዊ አባት ከቅኝ ተገዢ ሴት ለወለደው ልጅ አባትነቱን በሕግ እንዳያጸድቅ ተከለከለ። ገላን ተቀብሎ ሰውን የመግፋት ልማድ በፎቶግራፉ ታየ፤ በሕጉ ጸና።

የዛሬው የወሲብ ፊልም ከዚያ ፖስታ ካርድ በብዙ ይለያል። የሚሠሩበት ሰዎች ቅኝ ተገዢዎች አይደሉም፤ ተመልካቹም ወንድ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ ለገዢ ተብሎ የተሰናዳ ምስል እንደ እውነተኛ ዕውቀት ይወሰዳል። የተመረጠ ገላ፣ የተስተካከለ ብርሃን፣ ተቆራርጦ የተቀጠለ ፊልም ለተመልካቹ መለኪያ ይሆንበታል። በዚያም የራሱን ሰውነት ይመዝናል፤ የትዳር ጓደኛውንም ይመዝናል።

ጥናቶች አዘውትሮ የወሲብ ፊልም ማየትና በራስ ሰውነት አለመርካት አብረው ሊገኙ እንደሚችሉ ያመለክታሉ። ሆኖም አብሮ መገኘት ብቻውን አንዱ የሌላው መንስኤ መሆኑን አያረጋግጥም፤ በሰውነቱ የሚያፍር ሰውም ወደ ምስሉ ሊሸሽ ይችላልና።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዘርዝር ውስጥ፣ ሰው ሊቆጣጠረው ያልቻለውን የወሲብ ጠባይ እንደ ሕመም አስፍሯል። የሕመሙ ምልክት ሰውየው ለረጅም ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ6 ወራትና ከዚያ በላይ፣ ግፊቱን መግታት አቅቶት ጤናው፣ ሥራው ወይም ቤተሰቡ መጎዳቱ ነው። ከሃይማኖት ወይም ከሥነ ምግባር እምነት ብቻ የሚመነጭ ጸጸት ግን ለዚህ ስያሜ እንደማይበቃ መዘርዝሩ ይገልጻል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ነውር ጠንክሮ በሚጠበቅበት ማኅበረሰብ አንዱ ሳይታመም ራሱን በሽተኛ አድርጎ ይቆጥራል፤ ሌላው በእርግጥ ታሞ ሳለ ስለሚያፍር ሐኪም ዘንድ አይቀርብም።

በናሬቲ ፎቶግራፎች ላይ ያሉት ሴቶች ስም ነበራቸው፤ እናት፣ አገር፣ ቋንቋ ነበራቸው። ምስሉ ይህን ሁሉ አስቀርቶ ገላን ብቻ አስተላለፈ። ዛሬም በዚያው ዓይነት ምስል ራሱን የሚለካ ሰው የሚወዳደረው ከሰው ጋር አይደለም፤ ለሽያጭ ከተሰናዳ ዕቃ ጋር ነው። በዚህ ውድድር መሸነፉም የገላው ጉድለት ምስክር ሊሆን አይችልም።