የጭቃ ቤት መሠረት መቀየር

የጭቃ ቤት መሠረት መቀየር ማለት በእንጨትና በጭቃ የተሠራ አሮጌ ቤት ሳይፈርስ፣ የበሰበሱ ወይም ምስጥ የበላቸው የቋሚ እግሮችን በአዲስ እንጨት ወይም በድንጋይ መተካት ነው። በአማራ ክልል ምዕራብ ጎጃም ዞን፣ በፈረስ ቤት፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባለው ገጠር እንዲህ ዓይነት ቤቶች በብዛት ይገኛሉ። ክዳኑና የግድግዳው የላይኛው ክፍል ደህና ሆኖ ሳለ ቤቱ መዝመም የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከእግሩ ነው።

የቤቱ አሠራር

በተለመደው አሠራር ቋሚዎቹ በጉድጓድ ውስጥ ይተከላሉ፤ በማገር ይያያዛሉ፤ ከዚያም ከጤፍ ጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመረጋሉ። በክብ ጎጆ ቤት መካከል ደግሞ ክዳኑን የሚሸከም ምሰሶ ይቆማል። ስለዚህ ቤቱ ለብቻው የተሠራ መሠረት የለውም፤ መሠረቱ መሬት ውስጥ የተቀበረው የእንጨቱ እግር ነው።

የጉዳቱ መንስኤ

እንጨት የሚበሰብሰው እርጥበትና አየር አንድ ላይ ሲያገኝ ነው። በውስጡ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት አይበሰብስም። ሁለቱ በደንብ የሚገናኙት በመሬቱ ወለል አካባቢ ስለሆነ ቋሚው ቀድሞ የሚበላው እዚያ ነው። በክረምት ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውኃ ወደ ግድግዳው ሥር ከፈሰሰ ጉዳቱ ይፋጠናል። ምስጥ ደግሞ ከመሬት ተነሥቶ በእንጨቱ ውስጥ ስለሚወጣ ከውጭ ላይታይ ይችላል። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የተሠራ የአፈር መደብም ይሸፍነዋል።

የእንጨቱ ዓይነት ልዩነት ያመጣል። የሐበሻ ጥድና ወይራ ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ የገባው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ የሚያድግና በቀላሉ የሚገኝ ቢሆንም፣ በተለይ ለጋ ሆኖ ተቆርጦ ከተተከለ ለምስጥና ለመበስበስ የተጋለጠ ነው።

ጉዳቱን መለየት

የቋሚው እግር በመጥረቢያ ጀርባ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተበልቷል። ቢላዋ በቀላሉ ከገባበት በስብሷል። በግድግዳው ላይ የሚታይ ቀጭን የጭቃ መስመር የምስጥ መንገድ ነው። በሩ አልገጥም ማለቱና ልስኑ በሰያፍ መሰንጠቁም ቤቱ በአንድ በኩል እየሰመጠ መሆኑን ያመለክታሉ።

የአሠራር ቅደም ተከተል

ለሥራው የሚመረጠው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ያለው በጋ ነው። መሬቱ ደረቅ ሲሆን ጉድጓዱ አይናድም፤ የሣር ክዳኑም ውኃ ስላልጠጣ ይቀላል፤ ጎረቤትንም በደቦ ለመጥራት ይመቻል።

መጀመሪያ ሰውና ከብት ከቤቱ ይወጣሉ፤ እህል የያዘ ጎታም ይነሣል። ቀጥሎ ጠንካራ ባላዎች በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመው ክዳኑን የሚሸከመውን አግዳሚ እንጨት ከውስጥም ከውጭም ይደግፋሉ። ከዚያ በኋላ የቋሚው ሥር ጭቃ ይነሣል፤ የተበላው ክፍል እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ተቆርጦ ይወጣል።

ዋናው ደንብ ጎን ለጎን ያሉ ቋሚዎችን በአንድ ጊዜ አለመንካት ነው። አንዱ ተተክቶ ሸክሙን ከተቀበለ በኋላ ወደ ሌላው ይታለፋል። ምሰሶው ለብቻው፣ የግድግዳው ቋሚዎች ሁሉ ጸንተው ከቆሙ በኋላ ይሠራል። ይህ ካልተጠበቀ ክዳኑ በሠራተኞቹ ላይ ሊወርድ ይችላል።

የመተኪያ ዘዴዎች

ቀላሉ ዘዴ አዲስ ቋሚ መትከል ነው። እግሩን በእሳት መለብለብ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም ጉዳቱን ያዘገያሉ እንጂ አያስቀሩትም። ዘይቱ አፈርንና ውኃንም ይበክላል።

የበለጠ የሚቆየው ዘዴ ቋሚውን ከመሬት አውጥቶ በድንጋይ መሠረት ላይ ማቆም ነው። መሠረቱ በየተራ፣ በአጭር በአጭር ክፍል ይቆፈርና ከመሬት በላይ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ ይገነባል። ምስጥ በድንጋዩ ላይ ቢወጣ እንኳ መንገዱ በዓይን ስለሚታይ ማፍረስ ይቻላል። ነገር ግን ከመሬት የወጣ ቋሚ ነፋስን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። በተለይ ቀላል የሆነው የቆርቆሮ ክዳን በነፋስ ሊነሣ ስለሚችል፣ ቋሚዎቹ ከመሠረቱ ጋር በብረት ታስረው በሰያፍ እንጨት መያያዝ አለባቸው።

ተመሳሳይ ልምድ በሌሎች አገሮች

በኖርዌይ የቀደሙት የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት ቋሚዎቻቸው መሬት ውስጥ ይቀበሩ ስለነበር በስብሰው ጠፍተዋል። በኋላ በድንጋይ መሠረት ላይ የተሠሩት ግን፣ እንደ 12ኛው ክፍለ ዘመኑ የኡርነስ ቤተ ክርስቲያን፣ እስከ ዛሬ ቆመዋል። በጃፓን ደግሞ አናጢዎች የበሰበሰውን የቋሚ እግር ብቻ ቆርጠው አዲስ እንጨት በመገጣጠም ይቀጥሉበታል።

ከጥገናው በኋላ

የጉዳቱ መንስኤ ካልተወገደ አዲሱም እግር ይበላል። ስለዚህ በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈራል፤ የክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው ራቅ እንዲል ይደረጋል፤ አፈርና ማገዶ ከግድግዳው ሥር ይነሣል። አብዛኞቹ ቋሚዎች ከተበሉ ግን ቤቱን በጥንቃቄ አፍርሶ፣ ጤነኛውን እንጨት መርጦ እንደገና መሥራት ይሻላል።