በጀቱ ካለቀ በኋላ የመጣ ፍርድ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ የእንግሊዝ አገር የወጣት ማዕከል ነገር ከየት ተነስቶ የት እንደ ደረሰ ላውጋችሁ። ዘመኑንም ወሩንም የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እናንተ ሰባት ስምንት እየቀነሳችሁ ተከተሉኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ኅዳር 1939 ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከታወጀ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። የጠላት አውሮፕላን እንዳያይ ከተማው ሁሉ መብራት አጥፍቶ ያመሻል፤ ጎረምሳው መሄጃ አጣ። ያን ጊዜ የመንግሥት የትምህርት ቦርድ ቁጥር 1486 የተባለ ሰርኩላር ለየአካባቢው አስተዳደር በተነ፦ የወጣቶች ኮሚቴ አቋቁሙ፣ ከበጎ ፈቃድ ማኅበራት ጋር ተባብራችሁ ሥሩ። በ1944 የትምህርት ሕጉ ያንኑ ኃላፊነት አጸናው። አጸናውና ምን ሆነ? ጦርነቱ ሲያበቃ ገንዘቡ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ መኖሪያ ቤቱ ሄደ፤ ወጣቱ የእንጀራ ልጅ ሆኖ ቀረ።

ዓመታት አለፉ። ቴዲ ቦይ የሚባሉ ረጅም ኮት ለባሽ ጎረምሶች የጋዜጣው ሁሉ መነጋገሪያ ሆኑ። በ1958 ኖቲንግ ሂል ውስጥ ነጭ ወጣቶች ከካሪቢያን የመጡ ጎረቤቶቻቸውን ማሳደድ ያዙ። በዚያ ላይ ግዳጅ ውትድርናው ሊቀር ነው፤ ልጁን ሁለት ዓመት ይዞ የሚያቆየው ካምፕ ሊዘጋ ነው ማለት ነው። መንግሥት ደነገጠ። የደነገጠ መንግሥት ደግሞ እጁ ይፈታል፤ እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የያዝኩት ይህንን ነው።

መንግሥት ያቋቋመው፣ ሌዲ አልበማርል የምትባል የመኳንንት ወገን ሴት የመራችው ኮሚቴ በየካቲት 1960 ሪፖርቱን አቀረበ። ወጣቱ መገናኛና መሰልጠኛ ቦታ ይፈልጋል፣ አሥር ዓመት የሚዘልቅ የልማት ዕቅድ ይውጣ፣ ሠራተኛ ይሠልጥን አለ። መንግሥትም ተቀበለ። በዓመቱ ሌስተር ከተማ ላይ የወጣቶች አገልግሎት ሠራተኞች የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ተከፈተ፤ በየአካባቢው ማዕከሉ ይገነባ ጀመር፤ ቡና የሚጠጣበት ጥግ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ፣ የሙዚቃ ክፍል። ዛሬም እንግሊዝ ውስጥ ጣሪያው ጠፍጣፋ የሆነ አሮጌ የወጣት ቤት ካያችሁ፣ የዚያ ዘመን ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ በጀቱ ጓዳ እንግባ። ለእነዚህ ማዕከላት ገንዘብ የሚመድበው የአካባቢ ምክር ቤት የበጀት ዓመቱ ሚያዝያ 1 ቀን ይገባል፤ ድምፅ የሚሰጠው በየካቲት ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ነው። ገቢው ከማዕከላዊ መንግሥት ድጎማ፣ ከነዋሪው የቤት ግብርና ከንግድ ቤቶች ግብር ይመጣል። ገቢና ወጪው መመጣጠን አለበት፤ ካልተመጣጠነ ሕግ ተጣሰ። ታዲያ አቅመ ደካማ አረጋዊ ይጦራል፣ አደጋ ላይ ያለ ሕፃን ይጠበቃል፤ እነዚህ አይነኬ ናቸው። ወጣቱስ? ለእሱም ሕግ አለው፦ ከ13 እስከ 19 ዓመት ላለው፣ የመማር ችግር ካለበትም እስከ 24 ድረስ፣ ምክር ቤቱ አቅሙ በፈቀደ መጠን አገልግሎት ያቅርብ ይላል። ስንት ፓውንድ? አይልም። ስንት ማዕከል? አይልም። ማጭድ የሚገባው እንግዲህ እዚያ ላይ ነው።

ከ2010 በኋላ መንግሥት ቁጠባ አወጀ፤ ድጎማው ተቆረጠ። ዋይ ኤም ሲ ኤ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት እንዳሰላው የእንግሊዝ ምክር ቤቶች ለወጣት አገልግሎት ያወጡት የነበረው 1.4 ቢሊዮን ፓውንድ አሥር ዓመት ሳይሞላ ወደ 429 ሚሊዮን ወረደ።

ለምሳሌ ኖርዝ ሶመርሴት የተባለውን አካባቢ ምክር ቤት እንይ። የካቲት 21 ቀን 2012 ማታ አባላቱ የቀጣዩን ዓመት በጀት ሊያጸድቁ ተሰበሰቡ። ሰነዱ ወፍራም ነው፤ መንገዱም፣ ቆሻሻውም፣ ቤተ መጻሕፍቱም ያው እዚያው ውስጥ ነው። ከዚያ ሁሉ መካከል የወጣቶች አገልግሎት ከ360 ሺህ ፓውንድ በላይ እንዲቀነስበት የሚል መስመር አለ። ቅነሳው አካል ጉዳተኛውን፣ ደካማውን ምን ያህል ይጎዳል የሚለው ግምገማ ተጽፏል፤ ከአባላቱ ፊት ካለው ወረቀት ጋር ግን አልተያያዘም። ተዘጋጅቷል፣ ማየት የፈለገ ማየት ይችላል ተባሉ። እጅ ወጣ፤ በጀቱ ጸደቀ።

አገልግሎቱን የሚጠቀም አንድ ወጣት ከሰሰ። የመጀመሪያው ዳኛ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ክሱን ውድቅ አደረጉት። ወጣቱ ይግባኝ አለ። በኅዳር 2013 ይግባኝ ሰሚው ችሎት ፍርዱን ገለበጠው፦ ግምገማው አለ ብሎ መንገር አባላቱ አንብበውታል ማለት አይደለም፤ ወጣቶቹንም ሕጉ በሚያዘው መንገድ አላማከራችሁም፤ ስለዚህ ውሳኔያችሁ ሕገ ወጥ ነበር አለ።

ደስ አላችሁ አይደል? ቆዩ። የበጀት ዓመቱ ካለቀ ሰባት ወር አልፎታል። ገንዘቡ ተመድቦ፣ ወጥቶ፣ ሒሳቡ ተዘግቷል። ዳኞቹ ያንን በጀት አሁን ማፍረስ አስተዳደሩን ያናጋል ብለው ምንም ሳያዙለት ቀሩ። ጭራሽ የረታው ልጅ የምክር ቤቱን የይግባኝ ወጪ ግማሹን እንዲከፍል ወሰኑበት!

ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሐምሌ 2015 ዳኞቹ የወጪውን ውሳኔ ለወጣቱ አዞሩለት፤ ምክር ቤቱ ሕግ መጣሱን ችሎቱ ካረጋገጠ በኋላ እንዳሸነፈ ሰው ሊካስ አይገባም ሲሉ። ስለ 2012ቱ በጀት ግን አዲስ ትእዛዝ አልሰጡም። በዚያን ጊዜ ምክር ቤቱ ከዚያ በጀት ወዲህ ሌላ ሦስት በጀት አጽድቆ ነበር።