የመዝናኛ ስኩባ ጠላቂዎች ተከታታይ ሥልጠና

የመዝናኛ ስኩባ ጠላቂዎች ተከታታይ ሥልጠና የሚባለው፣ የአየር ሲሊንደር ተሸክመው ለመዝናናት የሚጠልቁ ሰዎች የመጀመሪያውን የምስክር ወረቀት ካገኙ በኋላ የሚወስዱት ትምህርትና ልምምድ ነው። የላቀ ደረጃ ኮርስ፣ የነፍስ አድን ሥልጠና፣ በኦክሲጅን የበለጸገ አየር አጠቃቀምና የማደሻ ልምምድ ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶ እና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 የሠሩት መተንፈሻ መሣሪያ ጠላቂውን ከመርከብ ከሚወርድ የአየር ቱቦ ነፃ አወጣው። ብዙ ሰው ወደ ባሕር ሲወርድ ግን አደጋውም በዛ። ስለዚህ ሥልጠናን በደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች ተቋቋሙ፤ ናዊ በ1960፣ ዛሬ በስፋት የሚታወቀው ፓዲ ደግሞ በ1966።

በፓዲ አሠራር የመጀመሪያው የምስክር ወረቀት እስከ 18 ሜትር፣ የላቀው እስከ 30 ሜትር፣ የጥልቅ ውሃ ልዩ ሥልጠና ደግሞ እስከ 40 ሜትር ለመጥለቅ ያበቃል። እነዚህ ገደቦች ያለ ምክንያት አልተቀመጡም። በየ10 ሜትሩ የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ስለሚጨመር፣ በ30 ሜትር ላይ ግፊቱ በውሃው ገጽ ላይ ካለው አራት እጥፍ ይሆናል፤ የሲሊንደሩ አየርም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። በዚህ ጥልቀት አካባቢ ናይትሮጅን እንደ ስካር አእምሮን ማደንዘዝ ይጀምራል። በሰውነት ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ጠላቂው በፍጥነት ሲወጣ ወደ አረፋነት ተለውጦ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሲከፋም ሽባነት ያስከትላል። በዝግታ መውጣትና 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ያህል መቆየት የተለመደው ጥንቃቄ ነው። ጀማሪው ይህን ሁሉ ለፈተና አጥንቶታል። ጭንቅ በመጣ ጊዜ ሳያስብ እንዲያደርገው የሚያስችለው ግን ደጋግሞ መለማመዱ ነው።

ከሁሉም ክህሎት ቀድሞ መሻሻል ያለበት፣ ሳይሰምጡና ሳይንሳፈፉ በአንድ ጥልቀት ረግቶ መቆየት ነው። ይህን ያልቻለ ሰው በእጁ ይቀዝፋል፤ ይደክማል፤ አየሩን ይጨርሳል። በእግሩ የሚመታው ኮራል ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዓመት ከአንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ የማያድግ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በአንድ ምት የተሰበረው በአሥርተ ዓመታትም ላይተካ ይችላል።

32 ከመቶ ኦክሲጅን ያለው አየር የናይትሮጅኑን ጫና ይቀንሳል፤ ሆኖም ከ33 ሜትር ገደማ በታች ኦክሲጅኑ ራሱ መርዝ ሊሆን ይችላል። በኦክሲጅን የበለጸገ አየር አጠቃቀም ኮርስ ጠላቂው ሲሊንደሩን በራሱ እጅ መመርመርን ይማራል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ያለው ግን በነፍስ አድን ሥልጠና ውስጥ ነው። ሠልጣኙ እስከዚያ ስለ ራሱ ብቻ ያስብ የነበረ ሰው ነው፤ እዚህ የጓደኛውን ፈጣን ትንፋሽ፣ የፈጠጠ ዓይንና የተረበሸ እጅ ማንበብ ይጀምራል። ድንጋጤን ቀድሞ ያየ ሰው ብዙ አደጋ ያስቀራል።

በዘርፉ ላይ የሚነሳው ወቀሳ ተገቢ ነው። ኮርስ ገበያ ነው፤ የላቀው ደረጃ አምስት ጊዜ ብቻ በመጥለቅ ይገኛል። በኮርሶች መካከል በቂ ልምምድ ያላደረገ ሰው ካርድ አከማቸ እንጂ አልሠለጠነም። ችሎታም ካልተጠቀሙበት ይደበዝዛል። እስራኤል ለዚህ ሕግ አውጥታለች፤ በቀይ ባሕር ወደቧ በኤይላት ላለፉት ስድስት ወራት ያልጠለቀ ሰው በመጥለቅ መሪ ታጅቦ የማደሻ ልምምድ እንዲያደርግ ይጠየቃል።

ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትርጉም ያለው ትምህርት ከፍታን የሚመለከተው ነው። የተለመዱት የመጥለቂያ ጥልቀትና ጊዜ ሠንጠረዦች የተዘጋጁት ለባሕር ጠለል ከፍታ ስለሆነ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ጣና ሐይቅ እንዳሉ አይሠሩም። በጅቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጠልቆ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰውም፣ በመኪና ቢመጣ እንኳ፣ የሚደርስበት ከፍታ በአውሮፕላን ውስጥ ካለው የአየር ግፊት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ከመጥለቅ በኋላ ለሚበር ሰው የተቀመጠው ጥንቃቄ እሱንም ይመለከተዋል፦ ሲወጣ በመንገዱ ላይ የግዴታ ማቆሚያ ሳያስፈልገው አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ወይም በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ ወደ ደጋው መውጣት የለበትም።