ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት የግራፊክስ ካርዱን ታሪክ ጠይቁ

ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ተማሪዎቼ ሰሞኑን በኢንቦክስ የምትጠይቁኝ ነገር አንድ ዓይነት ሆኗል። «ቲቸር፣ ሊኑክስ መጫን ፈልጌ ነበር፣ የትኛው ላፕቶፕ ይሻለኛል?» ትላላችሁ። ገና ሳልመልስ ደግሞ «ኤንቪዲያ ያለው አግኝቻለሁ፣ ጌም ሁሉ ያጫውታል» ትጨምራላችሁ። ሻጩም የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው፤ ራሙ ስንት፣ ዲስኩ ስንት፣ ካርዱ ስንት ጊጋ። ለሊኑክስ ተጠቃሚ ግን የካርዱ ጉልበት ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው ጥያቄ፣ ካርዱን የሠራው ኩባንያ ካርዱ እንዴት እንደሚታዘዝ ለሰው ነግሯል ወይስ ደብቋል የሚለው ነው። ይሄ ደግሞ ካርቶኑ ላይ አይጻፍም፤ ታሪክ ውስጥ ነው ያለው። (የታሪክ መምህራን ባልደረቦቼ፣ እርሻችሁ ውስጥ ስለገባሁ አትቀየሙኝ፤ እናንተም ፕሮጀክተር እምቢ ሲል እኔን ትጠሩ የለ!)

መጀመሪያ ድራይቨር የሚባለውን ነገር እንያዝ። ግራፊክስ ካርድ ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው ማለት ይቻላል። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ቋንቋ አለው። ድራይቨር አስተርጓሚው ነው። ሲስተሙ «እዚህ ጋ መስኮት ሳል» ሲል ድራይቨሩ ካርዱ በሚገባው ቋንቋ ይነግረዋል። ለዊንዶውስ አስተርጓሚውን የካርዱ ኩባንያ ራሱ ሠርቶ ይሰጣል። ሊኑክስ ላይ ግን አስተርጓሚ ልሁን ብሎ የተነሣ ፈቃደኛ ሁሉ መጀመሪያ መዝገበ ቃላቱን ማግኘት አለበት። መዝገበ ቃላቱ ያለው ደግሞ ኩባንያው ካዝና ውስጥ ነው።

ጸቡ የጀመረው በግራፊክስ ካርድ አይደለም፣ በፕሪንተር ነው። 1980 አካባቢ፣ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ፕሮግራመር ይሠራ ነበር። ላብራቶሪያቸው ከዜሮክስ ኩባንያ አዲስ ሌዘር ፕሪንተር በስጦታ አገኘ። ፕሪንተሩ ወረቀት ጃም ያደርጋል። በፊት በነበራቸው ፕሪንተር ላይ ስቶልማን ፕሮግራሙን አስተካክሎ፣ ወረቀት ሲያዝ መልእክት እንዲመጣላቸው አድርጎ ነበር። በአዲሱ ላይ ያንኑ ሊያደርግ ቢል፣ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ አብሮ አልመጣም። ኮዱ አለው የተባለ ሰው ሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ካርኔጊ ሜለን፣ ድረስ ሄዶ ጠየቀ። ሰውየው ለማንም ላልሰጥ ፈርሜያለሁ ብሎ መለሰው። ስቶልማን ይቺን ነገር ዕድሜ ልኩን ሲያወራት ነው የኖረው። በ1983 ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል ሙሉ ሲስተም ልሠራ ነው ብሎ የጂኤንዩን ፕሮጀክት አወጀ። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ከርነሉን፣ የሲስተሙን ልብ ማለት ነው፣ አወጣ። ሁለቱ ተገናኙና ዛሬ ሊኑክስ የምንለው ነገር ተፈጠረ።

እዚህ ጋ አንድ የሊኑክስ ልማድ ልብ በሉልኝ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ በእሱ ነው የሚፈታው። የሊኑክስ ድራይቨሮች የሚኖሩት ከርነሉ ኮድ ውስጥ ነው። አንድ ሰው የከርነሉን የውስጥ አሠራር ከለወጠ፣ በለውጡ የተነኩትን እዚያው ያሉ ድራይቨሮች አብሮ የማስተካከል ግዴታ አለበት። ስለዚህ ኮዱ ክፍት የሆነ ድራይቨር ኩባንያው ቢረሳው እንኳ ጎረቤት ያሳድገዋል። ዝግ ድራይቨር ግን ከውጭ ነው የሚቀጠለው። በየሁለት ሦስት ወሩ አዲስ ከርነል ይወጣል፤ ከውጭ ያለው ካልተከተለ ይሰበራል። አፕዴት አድርጋችሁ ሪስታርት ስትሉ ጥቁር ስክሪን የሚቀበላችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። እንዲያውም ከርነሉ ዝግ ድራይቨር ሲጫንበት ራሱ ላይ «ተበክሏል» የሚል ምልክት ያደርጋል። ቀልድ አይደለም፣ ቃሉ እሱ ነው።

አሁን ወደ ካርዶቹ። ኤንቪዲያ በ1993 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተመሠረተ። 2000 አካባቢ ለሊኑክስ ድራይቨር ማቅረብ ጀመረ፤ ዝግ ነው፣ ግን ይሠራል። ይሠራል ስል በደንብ ነው። የሆሊውድ የአኒሜሽን ስቱዲዮዎች ውድ ከሆኑት የኤስጂአይ ማሽኖች ወደ ሊኑክስ ሲዞሩ ኤንቪዲያ ካርድ ጠቅሟቸዋል። በዚያ ዘመን ተፎካካሪው ኤቲአይ የሚባል የካናዳ ኩባንያ ነበር፤ እሱም ለሊኑክስ ዝግ ድራይቨር ነበረው። ስሙ ኤፍጂኤልአርኤክስ ይባላል። ስሙን መጥራት ያደክማል፣ መጫኑ ደግሞ ይብስ ነበር። ስለዚህ ያኔ አዋቂ ነው የተባለ ሰው ሁሉ ምክሩ «ለሊኑክስ ኤንቪዲያ ግዛ» ነበር። ኤንቪዲያ ሁልጊዜ የሊኑክስ ጠላት ነበር የሚሉ ልጆች ይቺን ታሪክ ይዘሏታል፤ ልክ አይደለም።

መንገዱ የተለያየው በ2007 ነው። ኤኤምዲ ቀደም ብሎ በ2006 ኤቲአይን በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶት ነበር። በመስከረም 2007 ኤኤምዲ የካርዶቹን የቴክኒክ ሰነድ ለሕዝብ እንደሚለቅ አስታወቀ፤ ለቀቀም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾች፣ የትኛው ሬጅስተር ምን እንደሚሠራ የሚናገር መዝገበ ቃላት። ድራይቨሩን ለመጻፍ የኖቬል ሱሴ ባለሙያዎች አብረው ገቡ። በዚያው በ2007 ኤንቪዲያ ኩዳን አወጣ፤ ካርዱን ለሥዕል ብቻ ሳይሆን ለሒሳብ ስሌት መጠቀም የሚያስችል ዝግ ሶፍትዌር ነው። አንዱ በሩን ሲከፍት ሌላው ውድ ዕቃውን ውስጥ አስገብቶ ቆለፈ። ለገንዘቡ ማን እንዳወቀበት ዛሬ የኤአይ ገበያን ያየ ያውቃል። ላፕቶፕ ለሚገዛ ተማሪ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው።

የኤኤምዲ ፍሬ ቶሎ አልደረሰም፣ እውነቱን እንነጋገር። ዓመታት ሙሉ ክፍቱ ድራይቨር ግማሽ ሥራ ነበር፣ ዝግው ደግሞ እንደ ልማዱ። በ2015 በከርነል 4.2 ላይ ኤኤምዲጂፒዩ የሚባለው አዲሱ ድራይቨር ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ የተስተካከለው። በ2022 ቫልቭ የተባለው የጌም ኩባንያ በእጅ የሚያዘውን ስቲም ዴክን በሊኑክስ ሲያወጣ የመረጠው ቺፕ የኤኤምዲ ነው። የራሱን ባለሙያዎች ከፍሎ ክፍቱ ድራይቨር ላይ እንዲሠሩም አደረገ። በሩ ዝግ ቢሆን ይሄን ማድረግ አይችልም ነበር።

ኢንቴልስ? የኢንቴል ታሪክ አጭር ነው። ካርዱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ፣ ጉልበቱ መካከለኛ የሆነ ነው፤ ድራይቨሩን ክፍት አድርጎ በራሱ ሠራተኞች ያስጽፋል። አሰልቺ ነው፣ ይሠራል። አንድ ነውር ግን አለበት፦ 2008 አካባቢ በትንንሾቹ ኔትቡኮች ውስጥ ጂኤምኤ 500 የሚባል ካርድ ከተተ። ስሙ የኢንቴል፣ ውስጡ ከሌላ ኩባንያ የተገዛ ዝግ ዲዛይን። ሊኑክስ የጫነበት ሁሉ አለቀሰ። ስለዚህ የድርጅት ስም ብቻ አይታመንም።

ኤንቪዲያ መዝገበ ቃላቱን አልሰጥም ሲል ፈቃደኞቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ስቴፋን ማርሼዘን የሚባል ፈረንሳዊ ኑቮ የሚባለውን ፕሮጀክት ጀመረ። በፈረንሳይኛ «አዲስ» ማለት ነው። የድሮው ድራይቨር ስም ሁለት ፊደል ነበር፣ ኤን እና ቪ፤ ስሙ የተገኘው የቻት ፕሮግራሙ እነዚያን ፊደላት «ኑቮ» በሚለው ቃል ልተካልህ እያለው ነው ይባላል። ሥራው ምን ይመስላል? ዝግውን ድራይቨር ያስነሡና አንዲት ትንሽ ቅርጽ ያስስሉታል። ከመሳሉ በፊትና በኋላ ካርዱ ላይ ምን እንደተለወጠ ይመዘግባሉ። ከዚያ ሌላ ቅርጽ። ከዚያ ሌላ። ቀመሩን ያላስተማራችሁን መምህር መልሱን ብቻ እያያችሁ ቀመሩን ራሳችሁ እንደማግኘት ነው። በዚህ መንገድ ሠርተው በ2010 ከርነል 2.6.33 ውስጥ ገባላቸው። እኔ በበኩሌ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከማንም በላይ የማደንቀው እነዚህን ሰዎች ነው።

ከዚያስ? በ2014 አካባቢ ከማክስዌል ሁለተኛ ዙር ካርዶች ጀምሮ፣ ኤንቪዲያ ካርዱ ውስጥ የሚጫነው ፈርምዌር የኩባንያው ዲጂታል ፊርማ ከሌለው እንዳይቀበል አደረገ። ውጤቱ ምን ነበር፣ ኑቮ ካርዱን ማስነሣት ይችል ነበር፣ ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ግን አይችልም ነበር። ማርሽ አንድ ላይ የተቆለፈ መኪና በሉት።

ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። በ2010 ኤንቪዲያ ኦፕቲመስ የሚባል አሠራር አስተዋወቀ። ላፕቶፑ ሁለት ካርድ ይኖረዋል፤ ለቀላል ሥራ የኢንቴሉ፣ ለከባድ ሥራ የኤንቪዲያው፣ ባትሪ ለመቆጠብ። ሐሳቡ ጎበዝ ነው። ለሊኑክስ ግን ምንም አላዘጋጁም። ገዢው ትልቁን ካርድ ከፍሎ ይገዛል፣ ካርዱ ወይ አይነሣም ወይ ሳይሠራ ባትሪ ሲበላ ይውላል። በብዙዎቹ ላፕቶፖች ደግሞ የኤችዲኤምአይ ሶኬቱ የተያያዘው ከኤንቪዲያው ካርድ ጋር ነው። ካርዱ ካልተነሣ ፕሮጀክተር የለም ማለት ነው። መምህር የሆናችሁ ይቺ ትገባችኋለች።

ፈቃደኞች በ2011 ባምብልቢ የሚባል መፍትሔ ሠሩ። እሱም የራሱ ጉድ አለው፦ መጫኛው ውስጥ አንድን ፎልደር ሰርዝ የሚል ትእዛዝ ላይ፣ በስህተት አንዲት ክፍት ቦታ ገባች። በዚያች ክፍት ቦታ ምክንያት ትእዛዙ ለሁለት ተቆረጠና የሲስተሙ ፕሮግራሞች የሚኖሩበትን ዋና ፎልደር በሙሉ ይሰርዝ ነበር። ፕሮግራሚንግ ሳስተምር «ስፔስ ምን ታመጣለች» ለምትሉኝ፣ ይኸው ያመጣችው!

በሰኔ 2012 ሊነስ ቶርቫልድስ ፊንላንድ፣ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ንግግር እያደረገ አንዲት ሴት ተነሥታ ይህንኑ ጠየቀችው። ኦፕቲመስ ያለው ላፕቶፕ ገዝታ ነበር፤ ኩባንያውም ለሊኑክስ ድጋፍ አልሰጥም ብሏታል። ሊነስ ከገጠሙን ኩባንያዎች ሁሉ የባሰው ኤንቪዲያ ነው አለና፣ ወደ ካሜራው ዞሮ የመሃል ጣቱን አሳየ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። እኔ ስድቡን አላጸድቅም፣ ክፍል ውስጥ ብታደርጉት ወላጅ አስመጣለሁ። ግን ሰው የሚያስታውሰው ጣቱን ብቻ ስለሆነ ከኋላው ያለችው ጥያቄ ተረሳች፤ በገዛ ገንዘቧ የገዛችውን ዕቃ መጠቀም ያልቻለች ሰው ናት።

በሚቀጥለው ዓመት ኤንቪዲያ ለሁለት ካርድ ላፕቶፖች ድጋፍ መስጠት ጀመረ። በግንቦት 2022 ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ሆነ፤ የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ክፍት አደረገ። ብዙ ሰው ጨፈረ። ዝርዝሩን ስታዩ ግን ሁለት ነገር አለ። የላይኛው ክፍል፣ ሥዕሉን የሚሠራው፣ እስካሁን ዝግ ነው። ሌላው፣ የተከፈተው በ2018 ከወጣው ከቱሪንግ ትውልድ ጀምሮ ላሉ ካርዶች ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ውጭ ቀሩ።

እና እኛ አገር ተማሪ የሚገዛው የቱን ነው? ያገለገለውን። ከዱባይ፣ ከአሜሪካ የመጣ፣ ሰባት ስምንት ዓመት የሠራ። ኩባንያው አሮጌ ካርድ ላይ ድራይቨር ማውጣት ሲያቆም፣ የመጨረሻው ዝግ ድራይቨር ከአዲስ ከርነል ጋር መስማማት ያቅተዋል። የፈርሚ ካርዶች ድጋፍ በ2022 ቆመ፣ የኬፕለሮቹ በ2024። ለማክስዌልና ለፓስካል፣ ጂፎርስ 1050 እና 1060 የምትሏቸው ጭምር፣ 580 የሚባለው ተከታታይ የመጨረሻው እንደሆነ ኩባንያው አሳውቋል። በሌላ በኩል የ2011 የኢንቴል ወይም የ2012 የኤኤምዲ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ዛሬ አዲስ ከርነል ብትጭኑበት ድራይቨሩ እዚያው ውስጥ ይጠብቃችኋል። ምንም አታወርዱም። ኢንተርኔት ፓኬጅ ለሚቆጥር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የኔ ምክር እንግዲህ፦ ለትምህርት፣ ለኮዲንግ፣ ለጽሑፍ ከሆነ ኢንቴል ብቻ ወይም ኤኤምዲ ብቻ ያለውን ያዙ፤ «ኤንቪዲያ የለውም» ብሎ ሻጩ ዋጋ ከቀነሰላችሁ እሰየው። ጌምም ካማራችሁ ኤኤምዲ። ማሽን ለርኒንግ የምትማሩ፣ ኩዳ የግድ የሚላችሁ፣ ኤንቪዲያ ግዙ፣ ግን ከ1650 ወይም ከ2060 በታች አትውረዱ።

ሱቅ ስትሄዱ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሳትጭኑት ከፍላሹ አስነሡት፤ ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ አለ። ክዳኑን ዘግታችሁ ክፈቱት፣ ከእንቅልፉ ይነሣ እንደሆነ እዩ። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ከፍ አድርጉት። ከሱቁ ቲቪ ጋር በኤችዲኤምአይ አገናኙት። ቲቪው ላይ ምስል ካልመጣ ሶኬቱ ከየትኛው ካርድ ጋር እንደተያያዘ ገምቱና፣ ገንዘባችሁን ገና ኪሳችሁ ውስጥ እያለ አስቡበት።