የአቃቂ ራዲዮና የማይታየው የፀሐይ ጨረር



የአቃቂን የራዲዮ ጣቢያ ስናወሳ ዘወትር የምንተርከው ፖለቲካውን ነው። አንሳልዶ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሠራው ይህ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ወረራው ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በ1928 ዓ.ም. መግቢያ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእርሱ አማካይነት ለዓለም ንግግር አሰሙ። እኔ የምጠይቀው ግን ድምፁን ባሕር ያሻገረው ምን እንደ ሆነ ነው።

አጭር ሞገድ ባሕር የሚሻገረው ከአዮኖስፌር ተመልሶ ወደ ምድር በመውረድ ነው። አዮኖስፌርን በአብዛኛው የሚፈጥረው የፀሐይ ጽንፈ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲሆን፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ10 እስከ 121 ናኖሜትር ገደማ ነው። ጨረሩ ከአየሩ አተሞችና ሞለኪውሎች ኤሌክትሮን እየነጠለ በዚያው ስለሚያልቅ ምድር አይደርስም። ስለዚህ የአቃቂ ባለሙያዎች የተጠቀሙበት ገና ማንም በቀጥታ ባልለካው ጨረር ነበር።

መለኪያውም የተገኘው ከጋዝ ነው። በአዮናይዜሽን ቻምበር ውስጥ የታወቀ ጋዝ ይሞላል፤ ጨረሩ የነጠላቸው ኤሌክትሮኖችና አዮኖች በቮልቴጅ ተስበው የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሰጣሉ። ከ105 ናኖሜትር በታች ጨረሩን የሚያሳልፍ ተስማሚ መስኮት ስለሌለ ቻምበሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለ መስኮት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1964 ጄምስ ሳምሶን ለዚህ ሥራ የኖብል ጋዞችን ጥቅም አሳየ፤ ኤሌክትሮኑ ሌላ አተም ለመንጠል የሚበቃ ጉልበት እስካልያዘ ድረስ፣ አንድ የተዋጠ ፎቶን አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣል። ዜነን ከ102፣ አርጎን ከ79 ናኖሜትር በታች ያገለግላሉ። ፍሰቱን የለካ ፎቶኖቹን ቆጠረ ማለት ነው።

በአገራችንስ? ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957–58፣ አባ ፒየር ጉዋን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሠረቱት ኦብዘርቫቶሪ ሥራ ጀመረ። የማግኔት መለኪያዎቹ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በቀን የሚጎለብተውን የምድር ወገብ የኤሌክትሪክ ፍሰት መዘገቡ። ሰማዩ ግድግዳ የሌለው ቻምበር ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ፍሰቱን ነፋስና የኤሌክትሪክ መስክም ስለሚለውጡት ከመዝገቡ ፎቶን መቁጠር አይቻልም።

ስለዚህ መጠቀምን፣ መታዘብንና መለካትን እንድንለይ አሳስባለሁ። አቃቂ ተጠቀመ፤ ኦብዘርቫቶሪው ታዘበ፤ ቻምበሩ ለካ። ሦስቱን ካደባለቅን ያልሠራነውን ሠራን እንላለን፤ ወይም የሠራነውን እንዳልነበረ እንቆጥራለን። ሁለቱም ለታሪክ ጸሐፊ ስሕተት ናቸው።