ተማሪው በር ሲያንኳኳ

ባለፈው ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የቀድሞ ተማሪዬ ጎፋ ካለው ቤቴ ብቅ አለች። እንደ ደንቡ ሙዝ በፌስታል አንጠልጥላ ነው የመጣችው። ዛሬ እሷም የኮሌጅ መምህር ናት። ቡናው ሁለተኛው እስኪደርስ ስለ ታክሲ ሰልፉ፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ ደመወዛችን ስናወራ ቆየን። ባለቤቴ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቃ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር። ግን እንዳይቆጡኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዋ ቢሮዋን አንኳኩቶ ገባ፤ በሩን ዘጋ፤ ተቀምጦ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ነገራት። የዶርም ጓደኞቹ ስልኩን ከፍተው ለሌላ ወንድ የጻፈውን የፍቅር መልእክት አንብበዋል። ፎቶ አንስተውም ይዘውበታል። መጀመሪያ «ገንዘብ አምጣና እናጥፋልህ» አሉት፤ አመጣ። ደግመው ጠየቁት፤ አሁንም አመጣ። እጁ ባዶ ሲሆን ወሬውን ለሕንፃው ሁሉ አዳረሱት። አሁን ዶርም አያድርም። ቤተ መጻሕፍቱ እስኪዘጋ እዚያ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደሚያድር አይናገርም። ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቷል።

«ሰኞ ና ብዬ ነው የሸኘሁት» አለች። «ሰኞ ምን ልበለው?»

ወዲያው አልመለስኩላትም። ነገሩ ከባድ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እኔም አንድ ጊዜ ይኸው በር ተንኳኩቶብኝ ስለሚያውቅ ነው።

አንባቢዬ፣ ልናዘዝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ኮሌጅ አንድ ልጅ ነበር፤ ጥሩ ጸሐፊ፣ ዓይን አፋር። አንድ ቀን ሊነግረኝ መጣ። እኔም ሦስት ነገር አልኩት። ጾም ጸሎት ያዝ፤ ለማንም አትናገር፤ ካልቻልክ ዓመቱን አቋርጠህ ቤትህ ሂድ። ያን ዕለት ራሴን እንደ ደግ አባት ነበር የቆጠርኩት። «ለማንም አትናገር» ያልኩት እኔው ግን በዚያው ቀን ሻይ ቤት ተቀምጬ «ምን ይሻላል?» ብዬ ለአንድ ባልደረባዬ ነገርኩት። ምክር መጠየቄ ነበር እንጂ ክፋት አላሰብኩም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሏል። በሳምንቱ ግቢው ሁሉ አወቀ። ልጁ ፈተና አልተቀመጠም። በውጤት መዝገቤ ላይ ከስሙ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ቀረ፤ እስካሁንም ባዶ ነው።

ይህን ለተማሪዬ ነገርኳት። ከዚያ፣ መምህር ነኝና፣ ወደ ለመድኩት ነገር ገባሁ። «ሰኞ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ይህን ብታነሺ መጀመሪያ የምትሰሚው መልስ ‹ይሄ ከውጭ የመጣ ነው› የሚል ነው። ስለዚህ ከዚያ እንጀምር» አልኳት።

«ከውጭ የመጣ» የሚለው ክስ በግቢዎቻችን ውስጥ የራሱ ታሪክ አለው። መጋቢት 1960 ዓ.ም. ላይ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ ግቢ፣ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ወንዶቹ ተማሪዎች «ይህ የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው» ብለው ተቃውሞ ወጡ። ሚኒስከርት የጥቃቱ ዒላማ ሆነ። ተቃውሞው ግን በባህል ወረራው ላይ አላቆመም፤ ትርኢቱን ሊያዩና ሊያሳዩ የመጡት ሴቶች ተሰደቡ፣ ተዋከቡ። ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ተራ ዱርዬዎች አልነበሩም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የካቲት 1957 ዓ.ም.፣ «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው ንቅናቄ ልጆች ናቸው። ለማያውቁት ገበሬ የተቆረቆሩ ልጆች አብረዋቸው የሚማሩትን እህቶቻቸውን አዋከቡ። የሚያስገርመው ደግሞ ማርክስን ከጉለሌ ያገኙት ይመስል «ከውጭ የመጣ» ማለታቸው ነው። ዛሬ የዚያ ትውልድ ሰዎች ስለዚያ ቀን ቢጠየቁ በኩራት የሚያወሩት ብዙ አይመስለኝም።

እሺ፣ የአሁኑ ጉዳይስ? እውነት ከውጭ ነው የመጣው? ዘመቻው፣ ባንዲራው፣ የስሙ አህጽሮት ከውጭ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሰዎቹ ግን ከውጭ አልመጡም። የቋንቋ መምህር ሆኜ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ለሌለ ነገር ስም አይወጣለትም። አማርኛችን «ወንዳገረድ» የሚል ቃል አለው። ሳይመን ሜሲንግ የተባለው አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1957 በጻፈው የዶክትሬት ሥራው ላይ በአማራው ገጠር በዚህ ስም ስለሚጠሩ ሰዎች መዝግቧል። ወንድ ሆነው ተወልደው በሴቶች ሥራና ወግ የሚኖሩ ነበሩ። መንደርተኛው የፈጣሪ ስህተት ናቸው ብሎ ያዝንላቸው ነበር እንጂ አያሳድዳቸውም፤ ባሎችም ሚስቶቻቸው ከእነሱ ጋር ባላቸው ወዳጅነት አይቀኑም ነበር።

ወደ ደቡብም እንውረድ። የምኖርበት ሰፈር ስሙን ከደቡቡ ጎፋ ጋር ይጋራል። በድሮው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ፣ ከጎፋ ጎረቤት፣ የማሌ ሕዝብ ይኖራል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዶናልድ ዶንሃም አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን ማሌ ተቀምጦ አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ «አሽቲሜ» ስለሚባሉ ሰዎች ይነግረናል። እነዚህም ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ካቲ» በሚባለው ንጉሥ ግቢ ውስጥ ሥራና ከለላ ነበራቸው፤ ንጉሡ ለሥርዓት ሲል ከሴት በሚርቅበት ጊዜ በዙሪያው የሚሆኑት እነሱ ነበሩ። ዶንሃም በደረሰበት ዘመን ግን ነገሩ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ያገኘውም ሰው ስለራሱ ሲናገር በኩራት አልነበረም፤ ማግባትም መውለድም የማይችል ጠማማ ሆኖ መፈጠሩን ነው የነገረው። ስለዚህ ማሌ ገነት ነበር እያልኩ አይደለም። ድሮም ነበሩ፣ ድሮም ያማቸው ነበር፣ ግን በሰው መካከል ቦታ ነበራቸው ነው የምለው።

ተማሪዬ በዚህ ጊዜ አቋረጠችኝ። «ጋሼ፣ እሱስ ይሁን፤ ሕጉስ? እኔ መምህር ነኝ። ዝም ብል ተባባሪ አልሆንም?»

ጥያቄዋ የብዙ መምህራን ጥያቄ ነውና በደንብ ልመልሰው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን በአንቀጽ 600 ድርጊቱን ወንጀል አድርጎታል። ረቂቁን ያዘጋጀው ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነው። በእሱ አገር በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚፈጸመው ድርጊት ወንጀልነቱ እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ቀርቷል፤ በእኛ ሕግ ውስጥ ግን ገባ። እንግዲህ አንቀጹን «ፈረንጅ ጫነብን» ማለትም አያስኬድም፤ ፈልገን ያስገባነው ነው። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ያንኑ አጸና። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ ቀላል እስራት በመርህ ደረጃ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። አንቀጽ 630 ደግሞ ቅጣቱ የሚከብድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። ሕጉ ይኸው ነው፤ የሃይማኖቶቻችንም አቋም ይታወቃል።

አሁን ደግሞ ሕጉ የማይለውን እንይ። ሕጉ የሚቀጣው ድርጊትን ነው እንጂ አንድ ልጅ በልቡ ያለውን ነገር ለመምህሩ መናገሩን አይደለም። ወንጀልን ባለመጠቆም የሚያስጠይቀው አንቀጽ 443 በዋናነት የሚናገረውም በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ስለሚያስቀጡ ወንጀሎች ነው፤ ይሄ እዚያ ውስጥ የለም። እንዲያውም አንቀጽ 399 ሐኪሞችን፣ ጠበቆችን፣ የሃይማኖት አገልጋዮችን በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር ካወጡ ይቀጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር፣ በአንቀጽ 24 ክብርንና መልካም ስምን ይጠብቃል። በሌላ በኩል የሰው ስልክ በርብሮ በዚያ ገንዘብ መንጠቅ ወንጀል ነው። መደብደብም ወንጀል ነው። በዚያ ዶርም ውስጥ ሕግ የጣሱት፣ እኛ በተረዳነው ልክ፣ መልእክት ጸሐፊው ሳይሆን ገንዘብ ተቀባዮቹ ናቸው። ይህን ስላት ተማሪዬ ቀና አለች። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ወንጀለኛው ልጁ ነው ብላ ስታስብ ነበር።

ጉዳዩ ቀልድ አለመሆኑን የራሳችን ምሁራን ነግረውናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሺዮሎጂ ምሁር የሆነው ጌትነት ታደለ እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ በዚሁ በአዲስ አበባ ስለሚኖሩ እንዲህ ያሉ ወንዶች ያደረጋቸውን ጥናቶች አሳትሟል። የተነሳው ከኤች አይ ቪ ሥጋት ነበር። ያገኘው ግን ከቫይረሱም በላይ ነው፤ ጭንቀት፣ ራስን ከሰው ማግለል፣ ከእምነት ጋር የሚደረግ የውስጥ ትግል፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብና ሙከራ። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠሩበትን ቃል ታውቃላችሁ? «ዜጋ» ነው። ስንት ዓመት ቋንቋ አስተምሬ እንደዚህ ያስደነገጠኝ ቃል ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ባሰ እንጂ አልተሻለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ አስተዳደር በሆቴሎችና በመዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ መውሰድ መጀመሩን አስታወቀ፤ ሕዝቡም እንዲጠቁም ተጠየቀ። በዚያው ሰሞን በቲክቶክ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ «ምቱልን» ተባለ። ክፍለ ከተማችን ንፋስ ስልክ የተባለው ያለ ሽቦ በሚሠራው ቴሌግራፍ የተነሳ ነው። ዛሬ ግን በነፋስ የሚሄደው የሰው ስም ሆኗል፤ መልሶ የሚሰበስበው የለም።

«ታዲያ ሰኞ ምን ልበለው?» አለች ለሦስተኛ ጊዜ።

እኔ ያላደረግኩትን ነገርኳት። አንደኛ፣ ለማንም አትንገሪ፤ ለእኔም ስሙን አልነገርሽኝም፣ ጥሩ አደረግሽ። ለወላጆቹም ቢሆን እሱ ሳይፈቅድ እንዳትደውዪ፤ ከቤት ተባሮ መንገድ ላይ የሚቀር ልጅ አለ። ሁለተኛ፣ ዛሬ ማታ የት ታድራለህ ብለሽ ጠይቂው። ከስብከትም ከፍልስፍናም ይህ ይቀድማል። ሦስተኛ፣ ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ ብለሽ ፊት ለፊት ጠይቂው። መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብቻውን ከመሸከም ያሳርፈዋል እንጂ። አዎ ካለ ብቻውን እንዳትተዪው፤ አብረሽው ወደ ሥነ አእምሮ ሐኪም ሂጂ። አራተኛ፣ ዶርም እንዲቀየርለት ጠይቂ። ምክንያቱን «ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ስላልተስማማ፣ ገንዘብም ስለሚጠይቁት» በዪ፤ ውሸት አይደለም። አምስተኛ፣ ፈተናውን እንዲቀመጥ አድርጊ። ዓመቱን አቋርጥ አትበዪው። እኛ «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» እያልን አድገናል፤ መከራ ግን መምህር አይደለም፤ ሰው ያጠፋል እንጂ አያስተምርም።

«ስለ ኃጢአቱስ ከጠየቀኝ?»

«የምታምኚውን አትደብቂ። አንቺ ግን የተቀጠርሽው ልታስተምሪው ነው፤ ፍርዱን ለባለቤቱ ተዪ።»

ሲመሽ እስከ ጎፋ ማዞሪያ ሸኘኋት። ታክሲ ስትሳፈር ምንም አላለችም፤ እጇን ብቻ አወዛወዘች።

ከወር በኋላ ደወለች። «ጋሼ፣ ፈተናውን ተቀመጠ።»

«ዶርሙስ?»

«ተቀየረለት። ማንም ብዙ አልጠየቀኝም። አንድ ቀን እያለቀሰ መጣ፣ አንድ ቀን እየሳቀ መጣ። ውጤቱ ግን ጥሩ አይደለም።»

«ግድ የለም፣ ውጤት ይስተካከላል» አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ያ የኔ ተማሪ ዛሬ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። በሕይወት ካለ፣ ጋዜጣ የሚያነብ ከሆነ፣ አንድ ነገር ሊያውቅ ይገባዋል። ያኔ ማን እንዳወራበት ሳያውቅ ነው ከግቢ የወጣው፤ ምናልባትም የክፍል ጓደኞቹን ጠርጥሮ ይሆናል። እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።